የጠመንጃ ማርሚታ

ኮልፌ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ሀያቱ
ስዊድን፣ ዛፉ ከሰው በሚበዛበት ሰፈር

ይህን ወረቀት ከማንበብዎ በፊት ቁጭ ይበሉ። ቁጭ ካሉ ደግሞ የሚደገፉት ነገር ይፈልጉ። እጄ ላይ ያለው መርዶ ነው፣ ያውም ከባድ መርዶ።

በኮልፌ ተወልደው ያደጉት፣ ኋላም ባሕር ማዶ ተሻግረው የቀሩት፣ የእናቴ የነኢማ ታላቅ ወንድም፣ የሃፊዛ አባት፣ አቶ ሀያቱ ከዚህ ዓለም መለየታቸውን የምገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሟቹ ሰው አክባሪ፣ ቤተሰብ ወዳድ፣ ስልክ ጠሊ ነበሩ። መርዶን ለሟቹ ለራሳቸው መላክ ደንብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ አድራሻ የለኝም።

ሞተዋል ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፣ ማስረጃ አለኝ። ከአረፋ ወዲህ ስልክዎ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ አንዲት ሴትዮ በማይገባን ቋንቋ ትቆጣናለች። ካነሱትም ይብሳል። ባለፈው እናቴ "የጓዳው ጣሪያ ተደርምሶብን ጎረቤት ነው ያደርነው" ስትልዎ "አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ይላል" ብለው ዘጉት። እናቴ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። "ባሕር ማዶ የሰው አንጀት እንዲህ ያደርቃል?" አለች። እኔ ግን ተከራከርኩልዎ። "በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ አይልም፣ የሞተ ነው" አልኳት።

እንግዲህ ምናልባት ካልሞቱ ጉዳዩ ይህ ነው። እኛ ጋ ያለችውን ልጅዎን ሃፊዛን ኢርፋን ሊያገባት ነው። ኢርፋን ከሳንሱሲ ኮልፌ ሚኒባስ የሚነዳው ልጅ ነው፤ የመኪናው ጩኸት ከመኪናው ቀድሞ ፌርማታ የሚደርሰው። እሁድ ሐምሌ 20 ሽማግሌዎቹ ቤታችን ይመጣሉ። መሪያቸው ሐጂ ሙዘይን ናቸው። ሰውየው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷ በገዛ አንደበቱ "ልጄን ሰጥቻለሁ" እንዲል። ከዚያ መውሊድ ሳይገባ ኒካሁ ይታሰራል። ስለዚህ ከአስር ሶላት በኋላ እንደውላለን። ያንሱ። ይናገሩ። ከዚያ ተመልሰው መሞት ይችላሉ።

እርስዎ ባስለመዱን ደንብ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ በቴሌግራም ልኬዋለሁ። በፈረስ የምልክበትን ዘመን ደግሞ ይንገሩኝና ፈረስ እፈልጋለሁ።

የእህትዎ ልጅ፣ የጋሽ ፈጠነ ጋራዥ ማርሚታ በያጅ
አብራር


ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአብራር

አላህ ዕድሜህን ያርዝምልህ፣ ምላስህን ደግሞ በዚያው ልክ ያሳጥርልህ። አልሞትኩም። ደብዳቤህን ሳነብ ግን ለራሴ አልቅሼ ነበር፤ ሟቹ ጥሩ ሰው ነበሩ።

ስለ ጣሪያው የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ምን ነካው? ተሠራ? ማንም አልተጎዳም? ለነኢማ ይቅርታዬን ንገርልኝ። ብዙ አትጠይቀኝ፤ ይቅርታ ብሏል በላት።

የሃፊዛን ነገር አንብቤ ደስ ብሎኛል። እሁድ ስልኩን አነሳለሁ፣ ኢንሻአላህ። ሐጂ ሙዘይን ንግግር እንደማያበዙ ተስፋ አደርጋለሁ። ድሮ ያበዙ ነበር።

አንተ የመኪና ጩኸት በሚያፍነው ማርሚታ ላይ መሥራትህን ነኢማ ጽፋልኝ ነበር። አንድ የሙያ ጥያቄ አለኝ፤ እሁድ ካለፈ በኋላ እጠይቅሃለሁ።

አጎትህ ሀያቱ


ኮልፌ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰላምታ የለም። ሰላምታ ከፈለጉ በደብዳቤ ይጻፍልኝ ይበሉ።

ዛሬ ያደረጉትን ላስታውስዎ፤ ለእርስዎ ትንሽ ነገር ስለሆነ ረስተውት ይሆናል። ሳሎናችን በሽማግሌ ሞልቷል። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌ፣ በርጩማ ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፌ፣ እንደ ሙሽራ መሐል አስቀምጬዋለሁ። እርስዎ አነሱት። "አሰላሙ አለይኩም" አሉ። ሁላችንም ተነፈስን። ሐጂ ሙዘይን ብድግ ብለው ካፖርታቸውን ቆለፉ። ለስልክ ካፖርት ሲቆለፍ ያየሁት ዛሬ ነው። ከዚያ ጀመሩ። አመሰገኑ፣ ሰለዋት አወረዱ፣ የኢርፋንን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፣ ስለ ትዳር ተናገሩ፣ ስለ ሰፈሩ አስፋልትም ትንሽ ተናገሩ። በመጨረሻ "እንግዲህ ወንድማችን ሀያቱ፣ ምን ይሉናል?" አሉ።

ዝም።

"ሀሎ?" አልኩ እኔ።

ዝም። ትንፋሽዎ ግን ይሰማል። ውሻዎ ጮኸ። ውሻው እንኳን የሚለው አለው!

ሐጂ ሙዘይን ጎንበስ ብለው በርጩማውን አናገሩት። "ወንድም ሀያቱ፣ ልጅዎን ለልጃችን ይሰጣሉ ወይ?"

እርስዎ ምን አሉ? "በደብዳቤ ይጻፍልኝ። ደህና ዋሉ።" ጧ!

አጎቴ፣ ዘጉባቸው። ሐጂ ሙዘይን ላይ! እኚህ ሰው ሲያወሩ ቀበሌ እንኳን ወረፋ ያቆማል። ካፖርታቸውን ቀስ ብለው ፈቱ። "ሹፌር ስለሆነ ነው" አሉ። "የስዊድን ሰው ልጁን ለሹፌር አይሰጥም፤ ይኼው ነው።" ኢርፋን በሩ ጋ ቆሞ የገዛ ጫማውን እንደ አዲስ ነገር ያየዋል። ሽማግሌው በሙሉ ሳምቡሳ ሳይነካ ወጣ። እኔ ራሴ ከንዴቴ የተነሳ ስድስት ብቻ ነው የበላሁት።

ሃፊዛ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ወጣች፣ ስልኩን ከበርጩማው ላይ አነሳች፣ ፎጣውን አጣጠፈች፣ "ከዛሬ ወዲህ ለአባቴ ማንም እንዳይደውል" አለች። ገባች።

ይህን ያህል ነው። መልስ ካለዎት... እንግዲህ ያውቁታል፣ በደብዳቤ።

አብራር


ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብራር

እንደምን ከረማችሁ? ክረምቱ በርትቶባችሁ ይሆን? እኔ ደህና ነኝ፤ ጫካው ደህና ነው፤ ውሻውም ደህና ነው።

የዘገየሁት ስለተቸገርኩ ነው። ሐጂ ሙዘይንን ይቅርታ ጠይቅልኝ። የስልኩ ነገር አልሆነልኝም። ሹፌር መሆን ነውር እንዳልሆነ ለኢርፋን ንገረው፤ እኔም እዚህ ስመጣ አውቶቡስ ነበር የነዳሁት። ልጄን ለእሱ መስጠቴን የሚገልጽ ውክልና በአንተ ስም ጽፌ፣ ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በእኔ ፋንታ ቆመህ ዳራት።

አሁን የሙያ ጥያቄዬ። መስከረም ሳይጠባ የአደን ወቅት ይከፈታል። የምናድነው አጋዘን የሚመስል፣ በሬ የሚያክል፣ ቀንዱ እንደ አካፋ የተዘረጋ እንስሳ ነው። ስንት እንደሚታደን መንግሥት ይወስናል፤ ሥጋውን ጎረቤታሞቹ እንካፈላለን። ዘንድሮ ጠመንጃዬ ላይ ድምፅ ማፈኛ ላደርግ ነው። እዚህ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ አዳኙ ሁሉ እንደ ጓንት ገዝቶ ያደርገዋል። ፊልም ላይ እንደምታየው አይደለም፤ ተኩሱ አሁንም ይጮኻል፣ ግን ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ትከሻ ላይ የሚመታውም ይለዝባል።

ሱቁ ሁለት አቅርቦልኛል። አንዱ ቲታኒየም ከሚባል ቀላል ብረት ነው፤ አጭር፣ እጅ ላይ ያለ የማይመስል። ሌላው ረጅም የብረት ነው፤ እጥፍ ይከብዳል፣ ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ጸጥ ያደርጋል ይላሉ። እዚህ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው። አፈሙዙ ከረዘመ ቅርንጫፍ ይይዘዋል፤ ጫፉ ከከበደ ቀኑን ሙሉ የያዘው ክንድ ይዝላል። አንተ ከጠዋት እስከ ማታ ማርሚታ ስትሰማ ነው የምትውለው። ቀላልም ሆኖ ጸጥ የሚያደርግ ነገር አለ? ወይስ ሻጩ እየሸወደኝ ነው?

አጎትህ ሀያቱ


ኮልፌ፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳኙ አጎቴ፣

ደብዳቤዎን እንደ ወትሮው ለቤተሰቡ ጮክ ብዬ አነበብኩ። "እንደምን ከረማችሁ" ላይ እናቴ "አሚን" አለች። ውክልናው ላይ ፈገግ አለች። "አፈሙዙ ከረዘመ ቅርንጫፍ ይይዘዋል" ላይ ስደርስ የያዘችውን ማንኪያ ወረወረች። ለእርስዎ የተወረወረ ነበር፤ እኔ ቅርብ ስለሆንኩ እኔን አገኘኝ።

"ልጅቷ ቤት ውስጥ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች፣ እሱ ጸጥታ ይገዛል!" አለች። "ከዚህ በላይ ጸጥታ ምን ያደርግለታል? ካስፈለገው እኛ ላይ ካለው ጸጥታ ለምን ቆርጦ አይወስድም?"

አጎቴ፣ እውነት ለመናገር እኔም ንድድ ብሎኛል። ሰው ዝም ለማለት ብረት ይገዛል? እርስዎ እኮ ያለ ብረትም ችለውበታል! ለጠመንጃ ሁለት ገጽ፣ ለሃፊዛ አራት መስመር። ቆጥሬዋለሁ ማለቴ አይደለም፤ ሃፊዛ ናት የቆጠረችው።

ውክልናውን ይዤ ሐጂ ሙዘይን ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከዚያ መነጽሩን አውልቀው እኔን አነበቡኝ።

"ለአንተ ነው?"

"ለእኔ ነው ሐጂ።"

"መኪናዬ ማርሚታ ውስጥ ፊሽካ በይደህ መርካቶ ድረስ እያፏጨሁ እንድሄድ ያደረግኸው አንተ አይደለህም?"

"ሐጂ፣ እሱ በነፃ ነበር።"

ወረቀቱን መለሱልኝ። "ስማ፣ ውክልና በሃይማኖት አይከለከልም። እኔ ግን ተንቄያለሁ። ሰው ሰብስቤ ለበርጩማ ተናግሬያለሁ። አባት አለ ከተባለ ድምፁን ልስማ። በራሱ አፍ 'ሰጥቻለሁ' ይበል። መውሊድ እስኪገባ እጠብቃለሁ፤ ካልሆነ ኢርፋንን ይዤ ሌላ በር አንኳኳለሁ።"

ሰሙ? መውሊድ ቅርብ ነው። ኢርፋን ከዚያ ወዲህ ጋራዡ በር ላይ ሲያልፍ ክላክስ እንኳን አያደርግም። ሃፊዛ በመስኮት የመኪናውን ጩኸት ትሰማለች፣ አትወጣም። እሱም አይቆምም።

አሁን የሙያ ጥያቄዎ፤ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነውና ልመልስ። ጋሽ ፈጠነን "የጠመንጃ ማርሚታ" ስለው ብየዳውን አጥፍቶ "እኔ ጋራዥ ውስጥ ጠመንጃ የሚባል ቃል እንዳትጠራ፣ ፖሊስ ጣቢያው ሁለት በር አልፎ ነው" አለኝ። ስለዚህ ስለ መኪና ብቻ ነው የማወራው። ቀላሉ ማርሚታ ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ሆዱም ጠባብ። ጩኸት ደግሞ ቦታ ይፈልጋል፤ ሆድ ውስጥ ካልተንከራተተ እንዳለ ነው የሚወጣው። ከባዱ ይጎትታል፣ ግን ያፍናል። ቀላልም ጸጥተኛም ነኝ የሚል ካለ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቀንሶ ነው። የእርስዎ ቲታኒየም ብርቅ ብረት ይሁን እንጂ አጭር ከሆነ ሆዱ ያው ጠባብ ነው። ይምረጡ እንግዲህ፤ ክንድዎ ይድከም ወይስ ጆሮዎ?

እናቴ ደግሞ እንዲህ ጠይቅልኝ ብላለች፤ ጠመንጃው ከታፈነ ሲተኩስ የሚባለው ቢስሚላህም አብሮ ይታፈናል ወይ? "ቢስሚላሁ የሰውየው ነው፣ የጠመንጃው አይደለም" አልኳት። "የሰውየውማ ድምፅ ከየት ተገኝቶ" አለችኝ።

በብዙ ንዴት፣
አብራር


ነሐሴ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብራር

አላህ ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅልኝ። ነኢማ ማንኪያ ትወረውራለች ማለት ደህና ናት ማለት ነው።

ኢርፋንን ሌላ ቤት እንዳይወስዱት ሐጂ ሙዘይንን ለምንልኝ። እግራቸው ላይ ውደቅ፤ ለአንተ አይከብድህም። ድምፄን ማሰማት ቀላል ነው። የከበደኝ እሱ አይደለም። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።

ምክርህን ይዤ ቅዳሜ ከጎረቤቴ ከኒልስ ጋር ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄጄ ሁለቱንም ሞከርኩ። በአጭሩ ስተኩስ ኒልስ ፊቱን አጨማደደ። በረጅሙ ስተኩስ ሳቀና አውራ ጣቱን አሳየኝ። ውሻውም በመጀመሪያው መኪናው ሥር ገባ፣ በሁለተኛው ተኝቶ ቀረ። እኔ ግን እያቀያየርኩ ብተኩስ ብተኩስ ምንም ልዩነት አላገኘሁባቸውም። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። አንድ ከሆኑ ከባዱን ምን አሸከመኝ? ቀላሉን ልገዛ ነው። ኒልስ ግን ተቆጣኝ፤ ከእጄ ቀምቶ መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው።

አጎትህ ሀያቱ


ኮልፌ፣ ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ለዚህ ደብዳቤዎ ጥሩ ጥሩ ስድብ ጽፌ ነበር። ቀደድኩት። ያሳዝናል፤ ጎበዝ የሆንኩበት ቀን ነበር።

የቀደድኩት በጋሽ ፈጠነ ምክንያት ነው። ዛሬ አንድ ታክሲ ማርሚታ ቀየርንለት። ጋሽ ፈጠነ ሞተሩን አስነሳና ከመኪናው ኋላ ቆመ። እኔ ሁልጊዜ ማርሚታውን የሚያዳምጥ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን ልብ ብዬ አየሁት፤ የሚያየው እኔን ነው። ፊቴን። ፊቴን ከቋጠርኩ ተመልሶ ይበይደዋል፣ ከሳቅኩ ለባለቤቱ ያስረክባል። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ቀጥቅጦ ጆሮው አልቋል። ለደንበኛ አይናገርም። እኔም አብሬው እየዋልኩ አላወቅኩም።

ከዚያ ደብዳቤዎ ትዝ አለኝ። ኒልስ ፊቱን አጨማደደ። ኒልስ ሳቀ። ውሻው ተኛ። ያዩትን ሁሉ ጽፈውልኛል፤ የሰሙትን ግን አንድም አልጻፉም። እናቴ ጣሪያው ወደቀ ስትል "ደስ ይላል" አሉ። በርጩማው ሲለምንዎ ዝም አሉ።

አጎቴ፣ የትኛው ጆሮ ነው?

አብራር


ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብራር ልጄ፣

ግራው ፈጽሞ ሄዷል። ቀኙ ግማሽ አለ።

አዳኝ ቅርንጫፍ ሲሰበር መስማት አለበት። እሱን ላለማጣት ብዬ የጆሮ መከላከያ አላደርግም ነበር። ከየተኩሱ በኋላ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ፉጨት ይቀራል፤ በማግስቱ ይጠፋል። አንድ ዓመት ሳይጠፋ ቀረ። ሐኪሙ ገና አሁን ነው ድምፅ ማፈኛ አድርግ፣ መከላከያም ጨምርበት፣ ካልሆነ የቀረውም ይሄዳል ያለኝ። የመስሚያ መሣሪያም አዞልኛል፤ ወረፋ ላይ ነኝ። ፊት ለፊት ያለ ሰው ሲያወራ ከንፈሩን አይቼ እገምታለሁ። ስልክ ግን ከንፈር የለውም።

ያን እሁድ ሐጂ ሙዘይን ሲናገሩ የሰማሁት ድስት ሲፈላ ነው። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ። ከዚያ ቆመ። ጠይቀውኛል ማለት ነው። ምን እንደጠየቁኝ ግን አላወቅኩም። ምናልባት "ልጅህን ትሰጠናለህ?" ብለው ይሆናል። ምናልባት "ሌላ የጠየቃት አለ ወይ?" ብለው ይሆናል። ለነኢማ "ደስ ይላል" ያልኩ ሰው ነኝ። በልጄ ነገር ላይ በግምት አዎ ልበል ወይስ አይ? ያን ሁሉ ሽማግሌ "አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ" ማለት ደግሞ... ሀያቱ ደነቆረ፣ አረጀ ሊባል። አፈርኩ። ዘጋሁት።

የሃፊዛን ድምፅ ጥርት አድርጌ የሰማሁበትን ቀን አላስታውሰውም። ስትደውል እሺ እሺ እላለሁ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላውቅም፣ እሺ እላለሁ።

ለእሷ አትንገራት።

ሀያቱ


ኮልፌ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ነግሬያታለሁ።

ይስደቡኝ፣ ቦታ ልተውልዎ። የጻፉትን ሁሉ አነበብኩላት። መጨረሻ ላይ "ለእሷ አትንገራት" የሚለውንም አነበብኩላት፤ ምንም መዝለል አልወድም።

እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። "ጆሮው ነው?" አለች። "ጆሮው ብቻ ነው? እኔ እኮ የሌላ አገር ሰው ሆኖ ተወን ብዬ ነበር! ሥራ አገኘሁ ስለው እሺ፣ ታመምኩ ስለው እሺ! ምናለበት አንድ ቀን 'ሃፊዛ፣ አልሰማሁሽም' ቢለኝ? እጮህለት አልነበር? ከዚህ እስከ ዘነበወርቅ ቢሰማ እጮህለት አልነበር?" እኔ ላይ ነው የጮኸችው። እኔ እንኳን እሰማለሁ።

እናቴ ደግሞ ጓዳ ገብታ ማንኪያውን ፈልጋ አመጣችው። "ሲመጣ ለራሱ ነው የምወረውርለት" ብላ አስቀምጣዋለች።

አሁን ያዳምጡኝ... ይቅርታ፣ ያንብቡኝ። ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ስልክ ሳይሆን ቪዲዮ እንደውላለን። ሐጂ ሙዘይን ድምፅዎን መስማት ነው የፈለጉት፤ እርስዎ እንዲሰሟቸው አልጠየቁም። ስክሪኑ ላይ የሚታይዎትን አንብበው ይመልሱ። በቃ። ምንም መስማት አይጠበቅብዎትም። እኔ አለሁ።

እኔ አለሁ ያልኩት አያስፈራዎት።

አብራር


ኮልፌ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ከሞት ለተነሱ፣ ለሙሽራዋ አባት ለአጎቴ ለሀያቱ

የትናንቱን እርስዎም ነበሩበት፤ ግን ያ ትንሽ ስክሪን ያላሳየዎትን ልንገርዎ።

ካርቶኖቹ የአዲስ ማርሚታ ማሸጊያ ናቸው፤ ጋሽ ፈጠነ ነው የሰጠኝ። ጽሑፉ የሃፊዛ ነው፤ የኔን እጅ ጽሑፍ እንኳን ስዊድን ኮልፌም አያነበውም። ሐጂ ሙዘይን እንደ ደንቡ ካፖርታቸውን ቆልፈው ከሰለዋቱ ጀመሩ። ዘሩን ቆጠሩ፣ ትዳርን አወደሱ፣ አስፋልቱ ዘንድሮም አልቀረም። ሲጨርሱ ካርቶኑን አነሳሁ። "ልጅዎን ሃፊዛን ለኢርፋን ይሰጣሉ?" ይላል፣ እንዳነበቡት።

ሐጂ ሙዘይን ካርቶኑን ዞረው አዩና ደማቸው ፈላ። "የእኔ ንግግር ይህ ብቻ ነው?"

"ካርቶን አለቀ ሐጂ።"

የዚያን ጊዜ ነው እርስዎ "ሰጥቻለሁ!" ያሉት።

አጎቴ፣ የራስዎን ድምፅ ስለማይሰሙት ላስረዳዎ። አልተናገሩም፣ ጮኹ። ስልኩ በርጩማው ላይ ተንቀጠቀጠ። ሐጂ ሙዘይን ወደ ኋላ ተቀመጡ። "ሰጥቻለሁ! ለኢርፋን ሰጥቻለሁ! ሹፌር ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ ሰጥቻለሁ!" ጎረቤታችን እማማ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን ገልብጠው ለብሰው እየሮጡ መጡ፤ "ማን ሞተ?" እያሉ። "ማንም አልሞተም፣ የሞተው ተነሣ" አልኳቸው። አማትበው ቁጭ አሉ።

ሐጂ ሙዘይን ካርቶኑን ከእጄ ወስደው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ያን ዕለት አልሰማኝም ነበር?" አሉ። "አልሰማም ነበር ሐጂ።" "ምነው ታዲያ አንድ ሰው ቢነግረኝ? እኔም እኮ በግራዬ አልሰማም" አሉኝ። ይህን ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። እርስዎ ማንም አይደሉም፣ አጎቴ ነዎት።

ሁለተኛውን ካርቶን በተመለከተ ያው ይቅርታ። "ለአብራር ጫማ ቁጥር 42 ይሰጣሉ?" የሚለው በስህተት የገባ ነው። እርስዎ ግን ግለቱ ላይ ስለነበሩ "ሰጥቻለሁ!" ብለዋል። ሳሎን ሙሉ ምስክር አለኝ። ሐጂ ሙዘይን ራሳቸው "ይህም ታስሯል" ብለዋል።

ሦስተኛውን ካርቶን እኔ አልጻፍኩትም። ሃፊዛ ናት ከጓዳ ይዛው የወጣችው። "አባ፣ እየሳቅኩ ነው" ይላል። እርስዎ ሲያነቡት ምን እንደሆኑ አይተናል፤ አልጽፈውም። እኛ ምን እንደሆንን ግን እርስዎ ጋ አልታየም፤ እናቴ ስልኩን በፎጣው ሸፍናው ነበር።

ኢርፋን ሲወጣ ከዚህ እስከ ሳንሱሲ ክላክስ እያደረገ ሄደ። ማርሚታውን ነገ አመጣዋለሁ ብሏል። አታስጠግነው አልኩት፤ ቢያንስ አንድ ሰው ሲመጣ ይሰማ።

ከባዱን ማፈኛ መግዛትዎን አየሁ፤ ወደ ካሜራው ከፍ አድርገው ሲያሳዩኝ ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ጎንበስ ብለዋል፣ ግን ችግር የለም። ክንድዎ ይድከም። መከላከያውንም ሳይረሱ ያድርጉ። ቅርንጫፉን ኒልስ ይስማልዎ፣ እሱ ሲስቅ ይሳቁ፣ ውሻው ሲሮጥ ይሩጡ። የመስሚያው ወረፋ ሲደርስዎ ደግሞ መጀመሪያ የሚደውሉት ለሃፊዛ ነው፣ ለእኔ አይደለም። እኔ ጫማዬን እጠብቃለሁ።

ትናንት ማታ ዕቃ ስናነሳ እናቴ "ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጉድ በምን ነበር የተነሣው?" ብላ ጠየቀችኝ። አሰብኩበት። ማንኪያ ተወርውሯል፣ ሽማግሌ ተንቋል፣ እርስዎን አንዴ ገድለናል፣ ሰርግ ሊፈርስ ነበር። ግን ነገሩን ጨምቀን ስናየው አንድ ትልቅ ሰው "አልሰማሁም፣ ድገሙልኝ" ለማለት ማፈሩ ብቻ ነው። "ይኼው ነው?" አለች። ይኼው ነው አልኳት። ያን ያህል የሚያስጮኽ ነገር አልነበረም።

የሚሰማዎት፣
አብራር